ለቆራሌው አይሸጡትም?

እማዬን ዛሬ ሲያትል፣ ጋዝ ወርክስ ፓርክ ወሰድኳት። የዛጉትን ማማዎች ቀና ብላ አየችና፣ "ምነው ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ብረት ለቆራሌው አይሸጡትም?" አለችኝ።

እስከ 1956 እ.ኤ.አ. የጋዝ ማምረቻ ነበር። የፓርኩን ንድፍ የሠራው ሪቻርድ ሃግ ማማዎቹ እንዳይፈርሱ ተሟግቶ ነው ያተረፋቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን አፈሩ ነው። ዘይት የጠገበውን መሬት በሙሉ ጠርጎ ከመጣል ይልቅ የፍሳሽ ዝቃጭና ሰጋቱራ ቀላቅሎበት፣ ባክቴሪያ ዘይቱን እንዲበላው አደረገ።

"ፍግ መሆኑ ነዋ!" አለች። የገበሬ ልጅ አይደለች፣ ወዲያው ገባት።

ልጆች ካይት የሚያበሩበት ጉብታም የፋብሪካው ፍርስራሽ ተከምሮ አፈር የለበሰ ነው። ፓርኩ ዳር ያለው ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ግን ዛሬም ክልክል ነው፤ ደለሉ ከብክለት አልጠራም። ፋብሪካው የሠራው 50 ዓመት ነው፤ ጽዳቱ ግን ከዚያም አልፎ ገና አላለቀም።