ከማርች እስከ ሜይ፦ ጸደይን በችግኝ መጠበቅ

ሚኒሶታ ውስጥ ክረምቱ የሚከብደው በጃንዋሪ አይደለም። ያን ጊዜ ብርዱ የሚጠበቅ ነው። ሰው የሚታክተው በማርች ነው፤ ቀኑ ረዝሟል፣ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፣ መሬቱ ግን ገና ድንጋይ ነው። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ግራ ያጋባል። እዚያ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሚኒያፖሊስ ግን በዲሴምበር 9 ሰዓት የማይሞላው የቀን ብርሃን በጁን ከ15 ሰዓት ያልፋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ብርሃኑን ዘግይቶ ነው የሚከተለው።

በ2018 ፋሲካን ፈስከን፣ በዳግም ትንሣኤ ሰሞን፣ ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ከ35 ሳንቲ ሜትር በላይ በረዶ ወረደብን። ከዚያ ወዲህ ጸደይን በመስኮት መጠበቅ ትቼ ቤት ውስጥ ችግኝ ማፍላት ያዝኩ።

አቆጣጠሬ ከሜይ አጋማሽ ወደ ኋላ ነው፤ እስከዚያ ውርጭ አይታመንም። ቃሪያ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀድሜ እዘራዋለሁ። ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል፤ ስለዚህ የዘሩን ሳህን በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣለሁ። የሀበሻ ጎመንና በሶብላ ይፈጥናሉ፤ አራት፣ አምስት ሳምንት ይበቃቸዋል። ብዙ ሰው መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል ይላል፣ እኔ አልስማማም። የመስኮት ብርሃን ብቻ ያገኘ ችግኝ ቀጥኖ ይመዘዛል። መብራቱን ከቅጠሉ በላይ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት ሰቅዬ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አበራለሁ። ውኃ ሲበዛ ግንዱ ከሥሩ ይበሰብሳል፤ አፈሩ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ከታች አጠጣለሁ።

የሁዳዴ ጾም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ሽሮው ሲንተከተክ የበሶብላውን ቡቃያ በጣቴ እነካና እጄን አሸታለሁ። እውነት ለመናገር ያን ወር የሚያሻግረኝ ይኼ ሽታ ነው።

የበሶብላውን ዘር የሰጡኝ እናት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ናቸው። «ልጄ፣ ቀኑ ሞቀ ብለሽ እንዳትቸኩዪ፤ ሌሊቱን እዪ» አሉኝ። ትልቁን ነገር የተማርኩት ከዚህ ነው። በኤፕሪል 20 ዲግሪ የሚደርስ ቀን ይመጣል፣ ሰው ሁሉ በእጅጌ ጉርድ ይወጣል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ጎመን ቀላል ውርጭ ይችላል፤ በሶብላ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ቅጠሉ ይጠቁራል። ስለዚህ ጎመኑ ቀድሞ ይወጣል። ቃሪያና በሶብላው ከአንድ ሳምንት በላይ በረንዳ ላይ ይለማመዳሉ፤ መጀመሪያ ጥላ ሥር ለሁለት ሰዓት ያህል፣ በየቀኑ እየጨመሩ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት እየገቡ። ጤና አዳሙን ከነማሰሮው ነው የማወጣው፤ በመኸር ተመልሶ ይገባል።

ሁልጊዜ ከሚያስፈልገኝ በላይ አፈላለሁ። የተረፈውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለፈለገ እሰጣለሁ፣ በቅድሚያ የሚያልቀውም በሶብላው ነው።