በቆሎ ጠባሾቹ ከተነሱ ወዲህ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። የሥራ መደቤ ስም ሲጻፍ አንድ መስመር ይሞላል። በአጭሩ ቃለ ጉባዔ ያዥ ነበርኩ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከመድረኩ ግራ ጥግ እቀመጣለሁ። የሚባለውን እጽፋለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ ፋይል ውስጥ እከታለሁ። ሰው አሰልቺ ሥራ ይመስለዋል። እኔ ግን ሰለቸኝ ብዬ አላውቅም። ነዋሪ ሲናደድ ምን እንደሚል፣ ኃላፊ ሲጨንቀው ምን እንደሚል የእኔን ያህል የሚያውቅ የለም። ኃላፊ ሲጨንቀው «በትኩረት ይሠራል» ይላል። ይቺን ብዙ ጊዜ ከመጻፌ የተነሳ ተናጋሪው ሳይጨርስ እጄ ቀድሞ ይጽፋታል።

ነገሩ የአንዲት ቅያስ ነገር ነው። ቅያሷ ከታክሲ መያዣው ትነሳና የትምህርት ቤት አጥር ታክካ ወደ መንደሩ ትገባለች። ቀን ምንም የላትም። ተማሪ ይርመሰመስባታል፣ ሊስትሮ አለ፣ ቁራሌው እየጮኸ ያልፍባታል። ጉዱ የሚመጣው ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከሥራ የሚገባ ሰው ከታክሲ ወርዶ «ደረስኩ» ለማለት ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል። አንዱ ከኋላ ይመጣና ላጥ! ዞር ብለህ «ሌባ!» እስክትል ልጁ የለም።

መጀመሪያ ሰዉ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ሞተረኛ ላይ ነበር። አይፈረድበትም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር ሞተር ብስክሌት ሲያግድ አንዱ ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ ነበር። ኋላ ፈቃድ ያላቸው እንዲሠሩ ተደረገ እንጂ ስሙ አልጠፋም። ስልኩን የተነጠቀ ሁሉ «ሞተር ነው» ማለት ይቀናዋል። የኛዋ ቅያስ ግን ሞተር አታስገባም። መሃሏ ተቦርቡሮ ድንጋዩ አግጥጧል። በእግሩ የሚሄደውም እየዘለለ ነው።

አቤቱታው ሲበዛ፣ ጥር ላይ፣ የመራጭና ተመራጭ መድረክ ተጠራ። አዳራሹ ሞላ። ይህ ራሱ ዜና ነው። የበጀት አፈጻጸም ሪፖርት ሲቀርብ እኮ ሁለት ረድፍ ሰው አናገኝም። መድረኩ ላይ የሰላምና ጸጥታ ኃላፊው፣ የቀጠናው ፖሊስ ሳጅን፣ የደንብ ማስከበር አስተባባሪው እና የምክር ቤት አባላት ተቀመጡ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት «አፈሳ ይካሄድ! ሥራ ፈቱ ሁሉ ይጫን!» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ከኋላ አንዲት እናት ብድግ አሉ። «አፈሳው የሚወስደው የኔን ልጅ ነው። ሊስትሮውን ነው። ሌባው እናንተ በመኪና ስትመጡ ቤቱ ተኝቷል» አሉና ተቀመጡ። አንድ ኮንትራክተር አሉ፣ ሰፈሩ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ድምፃቸው ማይክ አይፈልግም። በየቤቱ ገንዘብ ተዋጥቶ ተጨማሪ ጥበቃ ይቀጠር አሉ። «ስንት ብር?» ሲባል አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሳጅኑ ተነስቶ «እኛ ጋ ከዚያች ቅያስ የተመዘገበው ነጠቃ ከእጅ ጣት አይበልጥም» ሲል ደግሞ አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ሳጅኑ ግን አልዋሸም። አብዛኛው ሰው ጣቢያ የሚሄደው አብሮ ለጠፋው መታወቂያ የፖሊስ ማስረጃ ለማግኘት ነው። ቶሎ እንዲያልቅለት «ጠፋብኝ» ብሎ ያስጽፋል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ዝርክርክ ነው እንጂ የተሰረቀ የለም።

እዚህ ላይ ነው ቲቸር የተነሱት። ቲቸር ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ምክር ቤት የገቡት በ2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ነው። ቀጣዩ ምርጫ ሲራዘም እሳቸውም አብረው ተራዘሙ። ግማሹ ሰፈር ያስተማሩት ነው። ኃላፊውም ሳይቀር ሲያዩአቸው ከወንበሩ ቀና ይላል።

ወደኔ ዞሩና «ልጄ፣ መጋዘን የተጠቀለለው ባነር አለ አይደል? አምጣልኝ» አሉኝ።

ያለፈ በዓል መፈክር የተጻፈበት ትልቅ ባነር ነው። ገልብጠን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ቲቸር በሰማያዊ ማርከር ቅያሷን ሣሉ። ታክሲ መያዣው፣ ትራንስፎርመሩ፣ የትምህርት ቤቱ በር፣ የእድሩ ቤት፣ ውኃ መውረጃው። እጃቸው አንዴም አላመነታም። ከዚያ ማርከሩን ለሕዝቡ ዘረጉ።

«የተነጠቃችሁ ብቻ ኑ። ማን ነጠቃችሁ አልላችሁም። የት እንደነበራችሁ ነጥብ አድርጉ። አጠገቡ ሰዓቱንና ወሩን ጻፉ።»

መጀመሪያ የወጣችው አንዲት ነርስ ናት። ከፈረቃ ስትመለስ ከእናቷ ጋር እያወራች ነው የተነጠቀችው። ነጥቧን አደረገች። አንድ ሰውዬ የሚስቱን ነጥብ ሊያደርግ ወጥቶ «ቲቸር፣ ትራንስፎርመሩ እኮ በዚህ በኩል ነው» ብሎ ተከራከረ። ቲቸር «ልክ ነህ» ብለው አረሙት። መጻፍ የማይችሉ አንዲት እናት ቦታውን በጣት እያሳዩ ነርሷ ጻፈችላቸው። ሰልፍ ሆነ። ጋሼም ሰልፉ ውስጥ ነበሩ። እሳቸውም ለካ ተነጥቀው ለሰው ሳይነግሩ ኖሯል።

ሁሉም ሲቀመጥ ባነሩን አየነው። ቅያሷ ረጅም ናት። ነጥቦቹ ግን በሙሉ ማለት ይቻላል በትራንስፎርመሩና በትምህርት ቤቱ በር መካከል ባለችው ክርን ላይ ተከምረዋል። ሰዓቱ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ከመስከረም በፊት የነበረው ነጥብ ኢምንት ነው።

«መስከረም ላይ እዚያች ክርን ምን ሆነች?» አሉ ቲቸር።

አንዱ «አምፖሉ ተቃጠለ» አለ። ሌላው «አምፖሉማ ከተቃጠለ ስንት ዓመቱ!» ብሎ ሳቀበት። ትንሽ ዝም ተባለ። ከበሩ አጠገብ የቆመ አንድ ጎረምሳ ነው የተናገረው። «እዛ ጋ እኮ በቆሎ ጠባሾቹ ነበሩ። ከተነሱ ወዲህ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ «አዎ!» የሚል ማጉረምረም ተሰማ። እነዚህ ሴቶች በክረምት በቆሎ ይጠብሳሉ፣ በበጋ ድንች ቅቅልና ቆሎ ይሸጣሉ፣ አንደኛዋ ጀበና ቡና አላት። ስማቸው ግን ዓመቱን ሙሉ በቆሎ ጠባሾች ነው። ከሰላቸው ይቀላል፣ የባትሪ መብራት አላቸው፣ ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው። የሰፈሩን ሰው በእግር ኮቴው ያውቁታል። አንዷ አንድ ቀን የከሰል መቆስቆሻ ይዛ አንድ ልጅ እስከ ውኃ መውረጃው እንዳባረረች ያኔ ነው የተወራው። በነሱ ፊት ለፊት ማን ደፍሮ ስልክ ይነጥቃል?

የደንብ ማስከበር አስተባባሪው ፊቱ ቀላ። «እኛ በራሳችን አላነሳናቸውም። የነዋሪ ፊርማ ያለበት አቤቱታ ነው የመጣልን» አለ።

ቲቸር አዩኝ። «አለ?»

ነበረ። ወደ ቢሮ ሄጄ ፋይሉን ይዤ መጣሁ። አቤቱታው ጭስ ይላል፣ መንገድ ላይ የሚጣል የበቆሎ ቆረቆንዳ ይላል፣ የእግረኛ መንገድ ተዘጋብን ይላል። ሥሩ ፊርማ ተደርድሯል። ከፈረሙት ውስጥ ብዙዎቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ላነብ አፌን ስከፍት ቲቸር እጃቸውን አነሱ። «ስም አታንብብ። ቀኑን ብቻ።»

ቀኑ የመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ነው።

ይቺ «ስም አታንብብ» ባትኖር ኖሮ ያ ስብሰባ በጠብ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ጋሼ ራሳቸው ተነሱ። «ሁለተኛው ፊርማ የኔ ነው። ጭሱ ሳሎኔ ድረስ ይገባ ነበር። ሴቶቹን ግን ጠልቼ አይደለም» አሉ። ቀጥለውም «ስልኬን ከምከፍል ጭሱን እመርጥ ነበር» ሲሉ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። እኔ ደንብ አስከባሪዎቹን አልወቅስም። የእግረኛው መንገድ እውነትም ተዘግቶ ነበር፣ የተማሪ ልጆች እሱን ለማለፍ ወደ ተቦረቦረው መሃል ይወርዱ ነበር። አስተባባሪው «ተመልሰው መንገድ ላይ ይቀመጡ ብዬ መፈረም አልችልም» ሲል ትክክል ነው። ታዲያ የት ይቀመጡ? ቲቸር በማርከሩ የእድሩን ቤት ከበቡት። የእድሩ ቤት ግድግዳ በቀጥታ ክርኗን ያያል።

የእድሩ ዳኛ ግን እንቢ አሉ። «ድንኳኑ እዚያ ነው። ብረት ድስቱ እዚያ ነው። ወንበሩ እዚያ ነው። እሳት ቢነሳ በሰው ለቅሶ ቀን ምን ይዤ እቆማለሁ?» የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ሰፈር ውስጥ የእድር ዕቃ የነካ ሰው መግቢያ የለውም። ክርክሩ የእድሩ ጠቅላላ ጉባዔ ድረስ ሄደ። በመጨረሻ የፊት ለፊቷ ክፍል ከዕቃ ቤቱ በብሎኬት ተለየች፣ ወደ ቅያሷ መስኮት ተከፈተላት፣ ከሰሉ ግቢ ውስጥ እንዲሆንና አሸዋ የሞላ በርሜል አጠገቡ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ኪራዩ ትንሽ ነው። ከአምስቱ ሴቶች ቦታ የተገኘው ለሦስቱ ብቻ ነው። ሁለቱ እስከዛሬ አኩርፈዋል፤ ሳገኛቸው ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚመልሱልኝ።

የመብራቱ ነገር ሌላ ጣጣ ነበር። ደብዳቤ ጻፍን። አንዱ መሥሪያ ቤት ምሰሶው የእኔ ነው አምፖሉ ግን አይመለከተኝም አለ። ሌላው አምፖሉን ላምጣ፣ መስመሩን ማን ይሰጠኛል አለ። ደብዳቤው ሲመላለስ እድሩ ከራሱ ቆጣሪ መስመር ስቦ መስኮቷ አናት ላይ አምፖል ሰቀለ። ገንዘብ ያዡ በየወሩ ስለ ሒሳቡ ያጉረመርማሉ። ምሰሶው እንደጨለመ ነው።

ለኔ ግን ከሁሉም የከበደኝ ቃለ ጉባዔው ነው። ረቂቁን ሳቀርብ ቲቸር ቀይ እስክሪፕቶ አወጡና እንደ ፈተና ወረቀት አረሙት። «በትኩረት ይሠራል» የሚለውን ሁሉ ሰረዙ። ከጎኑ «ማን? እስከ መቼ?» ብለው ጻፉ። ኃላፊው ስሙ ከቀን ጋር አብሮ እንዲጻፍ ለማስማማት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከፈረመ በኋላ ግን መስኮቱን የሚከፍተው ግንበኛ በነጋታው መጣ።

በሚቀጥለው መድረክ ባነሩ እንደገና ተሰቀለ፣ በዚህኛው ጊዜ ቀይ ማርከር ይዘን። ክርኗ ላይ የወደቀው ቀይ ነጥብ በጣም ጥቂት ነው። ጭብጨባው ሳያልቅ ሳጅኑ እጁን አወጣና ከባነሩ ጠርዝ ውጪ፣ ግድግዳው ላይ በጣቱ አመለከተ። «ልጆቹ ሥራ አልፈቱም። ቦታ ነው የቀየሩት። አሁን ድልድዩ ጋ ናቸው።»

ድልድዩ የጎረቤት ወረዳ ድንበር ነው። ወንዙ መሃል ለመሃል ይከፍለዋል። የዚያኛው ወረዳ ሰዎች «ሌባችሁን ወደኛ ላካችሁብን» ብለው መጡ፤ ቅሬታቸውም ውሸት አይደለም። የጋራ ስብሰባ ተጠራ። ድልድዩ የማን ነው የሚለው ብቻ ግማሽ ቀን በላ። ቲቸር ሲሰለቻቸው «ማታ ማታ እዚያ ድልድይ አጠገብ ማን ይቀመጥ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

አንድ ጎሚስታ ነበር አሉ። ግንባታ ሲጀመር ተነስቶ ሌላ ሰፈር ገባ። ስልኩ ያለው ሰው ተገኘና እዚያው ስብሰባ ላይ ተደወለለት። ሰውዬው ደስ አለው። «እመጣለሁ፣ ግን ኮምፕሬሰሩ መብራት ይፈልጋል» አለ። እኔ ያን ሥራ እስከለቀቅኩ ድረስ፣ መስመር ይግባልን የሚለውን ደብዳቤ የትኛው ወረዳ ይጻፍ በሚለው ላይ ሁለቱ አልተስማሙም ነበር።