ፊልም በሦስት ስኒ ቡና

እናቴ ፊልም ጀምራ አትጨርስም። አሥር ደቂቃ ታያለች፤ ከዚያ ወይ ያቦካችው ሊጥ ትዝ ይላታል ወይ እንቅልፍ ይጥላታል። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጠቅልዬ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ወዲህ ቅዳሜ ማታ የሚያጫውተኝ አጥቻለሁ። ጓደኞቼ ግማሾቹ አግብተዋል፤ ግማሾቹ አባይን ተሻግረው በዚያው ቀርተዋል። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር ወሰንኩ። እማዬን ፊልም አስለምዳታለሁ።

ሠርግ ከሚቀርጽ ጓደኛዬ ትንሽ ፕሮጀክተር ተዋስኩ። ለስክሪን የመረጥኩት ጋቢ ነው። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቤት ውስጥ አለ። በሁለት ምስማር ግድግዳው ላይ ወጠርኩት። ችግሩ የጋቢ ፈትል ጎልቶ ይታያል፤ ቆንጆዋ ተዋናይ ጉንጯ ላይ ጥጥ የበቀለባት መሰለች። እሱስ ይሁን። የማርቆስ ብርድ ግን ይሁን አይባልም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳር ማታ አጥንት ይሰብራል። ፊልሙ በተጀመረ በሃያ ደቂቃው እማዬ ብድግ አለች። ስክሪኑን ከምስማሩ አወረደች፣ ተከናነበችው፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። ፊልሙ ሰማያዊ በተቀባው ግድግዳችን ላይ ቀጠለ። ሰዎቹ ሁሉ አስከሬን መሰሉ።

ማግስቱን ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ኖራ ቀባሁ። ኖራ ተከናንቦ የሚተኛ የለም።

በጋቢው ማታ ሌላም ስህተት ሠርቻለሁ። ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ሆንኩ። እንደ ትርጉም ፊልም ተራኪዎች ድምፄን ጎርነን አድርጌ ጀመርኩ። እማዬ ግን የምትጠይቀው ስለ ታሪኩ አይደለም።

«ይሄ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?»

«እኔ እንጃ እማዬ፣ ፖሊስ ነው።»

«ፖሊስ ቢሆንስ፣ አባት የለውም?»

ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። ጥያቄዋ ቁልፉ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

በመሃል የፈንዲሻ ጣጣ መጣ። ያለ ፈንዲሻ ፊልም አይታይም ብዬ ቡሬ ያለው አጎቴ ከላከልን በቆሎ ላይ ዘግኜ ድስት ውስጥ ጨመርኩ። ጾመ ነቢያት ስለገባ በኑግ ዘይት ነው። ክዳኑን ገጥሜ ጆሮዬን ደቅኜ ጠበቅኩ። ድምፅ የለም። ሽታ ግን መጣ። ለካ ፈንዲሻ የራሱ ዘር አለው። የሚፈነዳው ፍሬው ውስጥ ባለው ውሃ ነው፤ ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ውሃ ሲኖረው በደንብ ይፈነዳል። እሳት ሲነካው ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ ጠንካራው ልጣጭ አፍኖ ይይዘዋል፣ ሲያቅተው ፍሬው ውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጣል። የማሳው በቆሎ ልጣጭ ግን እንፋሎቱን አይዝም፤ ይጠበሳል እንጂ አይፈነዳም።

ከዚያ ትንሹን የፈንዲሻ በቆሎ ከገበያ ገዛሁ። እሱም ግማሹ ሳይፈነዳ ቀረ። ከርሞ ደርቆ ነበር። ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ከአንድ ማንኪያ ውሃ ጋር አድርጌ፣ ጠዋትና ማታ እየነቀነቅኩ፣ ሦስት አራት ቀን አቆየሁት። ተንጣጣ! ኩራቴን አትጠይቁኝ። እማዬ አንድ እፍኝ ቀምሳ «ያኛው የአጎትህ ቆሎ ይሻል ነበር» አለችኝ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው ነገሩ የተቃናው። ቋንቋ የማይፈልግ ፊልም ስፈልግ ቻርሊ ቻፕሊን ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ፣ በበረዶ አገር ወርቅ ፍለጋ የሚንከራተትበት ድምፅ አልባ ፊልሙ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ገና ባርኔጣውን እንዳየች ያው ጥያቄ መጣ፤ የማን ልጅ ነው? አሁን መልስ ነበረኝ። ለንደን የተወለደ የድሃ ልጅ ነው። እናቱ ዘፋኝ ነበረች። ታመመችና እሱና ወንድሙ በልጅነታቸው የድሆች መጠለያ ገቡ። እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። «የእናት ያለህ!» አለች። ከዚያ በኋላ የምታየው ተዋናይ መሆኑ ቀረ፤ የጎረቤት ልጅ ሆነ። ሲወድቅ «እኔን!» ትላለች።

ቡናውንም ያን ቀን መከልከል ተውኩ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ «መጀመሪያ ፊልሙ ይለቅ፣ ከዚያ ቡና» እያልኩ ስንጨቃጨቅ ነበር። አሁን ፊልሙን በቡናው ከፈልኩት። አቦል ሲቀዳ አቆማለሁ። ቶና ሲደርስ አቆማለሁ። በረካም እንዲሁ። በየመሃሉ የታየው ይወራል፣ ይታማል፣ ይፈረዳል። ከዚያ ይቀጥላል። የዕጣኑ ጭስ በፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲያልፍ ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ ከአንዳንዱ ፊልም ይበልጣል።

ጎረቤታችን እትዬም በቡናው ምክንያት መጡ። ቻርሊ ርቦት ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ ነው የደረሱት። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፤ ምስማሩን እንደ አጥንት ይመጠምጣል። እኔ በሳቅ ልሞት ነው። እሳቸው ግን ግንባራቸውን ቋጥረው አዩና፦

«ቆዳ አይደል? ይገድፋል እኮ!»

ጫማው ለቀረጻ ከከረሜላ የተሠራ ነው ብዬ አስረዳሁ። «እንዲያ ከሆነ ደግ» ብለው ስኒያቸውን ተቀበሉ። ሁለት ሹካ ሁለት ዳቦ ላይ ሰክቶ እንደ እግር የሚያስጨፍርበት ቦታ ላይ ደግሞ ይዘዋቸው የመጡት የልጅ ልጃቸው ቀና አለ። በጎጃም ቤት ምን ይታጣል? የተቀቀለ ድንች ነበረን። የእኛ ድንች ጭፈራ እስክስታ እስክስታ ይል ነበር። አንዱ ጫማ በመሃል ተበላ።

በረካ ሊቀዳ ሲል ቻርሊና ጓደኛው ያሉባት ጎጆ በማዕበሉ ተገፍታ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠለጠለች። ግማሿ መሬት ላይ፣ ግማሿ አየር ላይ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። መብራት ሄደ።

ጠበቅን። አልመጣም። የከሰሉ ፍም ብቻ ቀረ። ፕሮጀክተሩን እየረገምኩ ልነቅል ስነሳ እማዬ በጨለማው ውስጥ ጀመረች።

«አይሞትም። ልጁ የእናት ምርቃት አለው። አሁን ለቅዱስ ማርቆስ ጥላ ይሳላል። እንደተሳለ ነፋሱ ቀጥ ይላል…»

ፊልም የማትጨርሰው ሴትዮ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ጓደኛውን አስወጣችው፣ ልጁን ዳረችው፣ ለንደን ያለች እናቱን አስጠየቀችው። በረካን የጠጣነው እየዳበስን ነው። ልጁ እንኳን አልተኛም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መብራት ነበር። እትዬ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጓደኛው ቀድሞ ወጣ፤ ቻርሊን በመጨረሻዋ ሰከንድ በገመድ ጎትቶ አወጣው፤ ጎጆዋ ገደል ገባች። ወርቁ ተገኘ፣ ሁለቱም ከበርቴ ሆኑ፣ ቻርሊ የወደዳት ልጅም ተገኘች። አለቀ። መብራቱን አበራሁ።

እትዬ ግድግዳውን ትንሽ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥላውንስ መቼ አስገባ?»