የፖስት ካርዱ ጀርባ

አሮጌ ፖስት ካርድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ሰው የሚያጋራው ግን የፊቱን ብቻ ነው፤ የለገሃር ጣቢያ ሥዕል ይለጠፍና ማን ላከው፣ መቼ፣ በየት በኩል የሚለው ሁሉ ይቀራል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ከመስመሩ ልጀምር። ከጀርባው መሐል ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ መስመር ከሌለ፣ ካርዱ ያ ገጽ ለአድራሻ ብቻ በነበረበት ዘመን የታተመ ነው፤ መልእክቱም ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ተጨናንቆ ይገኛል። ጀርባው ለሁለት እንዲከፈል እንግሊዝ በ1902፣ ፈረንሳይ በ1903 መጨረሻ፣ ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1907 ፈቀዱ (ዓመቶቹን በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። ቀደምት የሐረር፣ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ካርዶች ብዙዎቹ አውሮፓ ስለታተሙ መስመሩ ለእኛም ይመሰክራል።

ቀጥሎ ቴምብሩ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ ስለማያሻግር፣ ወደ ውጭ በሄደ ካርድ ላይ የፈረንሳዮቹም ቴምብር ተጨምሮ ይታያል። እንዲህ ያለውን ካርድ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቴምብሩን ማላቀቅ ትልቅ ጥፋት ነው። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ካርዱ ላይ አርፏል፤ ሲለያዩ ሁለቱም ምስክርነታቸውን ያጣሉ።

አንድ ካርድ ሦስት ቀን አለው፦ ፎቶው የተነሣበት፣ የታተመበትና የተላከበት። አሳታሚዎች አንዱን ፎቶ ለብዙ ዓመት ደጋግመው ስለሚያትሙ የማኅተሙን ቀን የፎቶው ቀን ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። የፎቶውን ዘመን የሚነግሩን ሐውልቶችና ሕንፃዎች ናቸው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። የይሁዳ አንበሳ ከፊቱ የቆመው በ1930 ሲሆን በወረራው ዘመን ሮም ተወስዶ በ1960ዎቹ ተመለሰ። ስለዚህ ጣቢያው ኖሮ አንበሳው ከሌለ ወይ ገና አልቆመም፣ ወይ ተወስዷል። የምኒልክ ሐውልትም እንዲሁ በ1930 ቆሞ በ1936 ተነቅሏል፤ ከነፃነት በኋላ ነው የተመለሰው። ባዶ የጊዮርጊስ አደባባይ ያየ ሰው «ከ1930 በፊት ነው» ብሎ አይቸኩል፤ የጣሊያን ዘመንም ሊሆን ይችላል። ያኔ ጀርባው ይፈርዳል።

በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ካለ ዘመን አቆጣጠሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጥር 12 ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. ማለት ጃንዋሪ 20 ቀን 1930 ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ የወሰደ ሰው ስምንት ዓመት ይስታል።

እውነተኛውን ከቅጂ ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። በረድፍ የተደረደሩ ነጥቦች ከታዩ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ጥላው ሳይቆራረጥ ከጥቁር ወደ ነጭ ከተሸጋገረ ፎቶግራፍ ነው፤ አዘንብለው ሲያዩት ጥቁሩ ቦታ ላይ ብርማ ነጸብራቅ ከኖረው የበለጠ ይታመናል። ያለ ረድፍ የተረጩ ደቃቅ ባለቀለም ነጥቦች ግን የዘመናችን ፕሪንተር ናቸው። በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት ማብራትም ይረዳል፤ ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ የማንጫ ኬሚካል አለበት፣ ይህም የተለመደው ከ1950 ገደማ ወዲህ ነው።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ካርድ ይጠፋል። ሽታ ያለው ለስላሳ የፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ ከረጢት ከጊዜ ብዛት ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል፤ ከረጢቱ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ከሚባለው ፕላስቲክ ይሁን። ካርዶቹ የሚታሰሩበት የጎማ ላስቲክ ውስጡ ድኝ ስላለ ፎቶውን ያጠቁራል። የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበም ደግሞ ጀርባውን ይዞ ይቀራል። የድሮው ካርድ 9 በ14 ሴንቲ ሜትር፣ የኋለኛው 10.5 በ14.8 ስለሆነ ሁለት መጠን ከረጢት መግዛት ይሻላል፤ ትልቁ ውስጥ የገባ ትንሽ ካርድ እየተንሸራተተ ማዕዘኑ ይላጋል። ሣጥኑ በክረምት ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል።

ስካን ሲደረግ ሁለቱም ገጽ በ600 ዲ.ፒ.አይ. (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይነሣ። ዝቅ ካለ የማተሚያው ነጥቦች ከስካነሩ ነጥቦች ጋር ተጋጭተው ሥዕሉ ላይ የሌለ ሞገድ ይሠራሉ። ከኋላው ጥቁር ወረቀት ማድረግ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ሰርስሮ እንዳይታይ ይከላከላል። ጠርዙ እንዳይቆረጥ ዙሪያውን አምስት ሚሊ ሜትር መተው ደግ ነው። ተቀባዩ በሕይወት ሊኖር የሚችልበት ካርድ ከሆነ አድራሻውን ሸፍኖ ማጋራት ይገባል።

መንገድ ላይ የምናነሣቸው ፎቶዎችም ጀርባ ይፈልጋሉ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላኩ ቦታውንና ሰዓቱን የያዘው መረጃ ይወጣል፤ እንደ ፋይል ሲላኩ ግን አብሮ ይሄዳል። በአሮጌ ካርድ ላይ ያለውን ቦታ ዛሬ ለማንሣት ለሚሻ፣ ዋናው ነገር የቅርቡና የሩቁ አቀማመጥ መግጠሙ ነው፤ ለምሳሌ አንበሳው ከጣቢያው ከየትኛው መስኮት ፊት እንደሚያርፍ። ያ ካልገጠመ ቆመው ያሉት ሌላ ቦታ ነው፣ ማጉላትም አያስተካክለውም። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ሕንፃው ያንሳል፤ ብዙ ሰው ያኔ ወደ ፊት ይጠጋና አቀማመጡን ያበላሻል። ባሉበት ቆሞ ሁለት እጥፍ ማጉላት ይሻላል። ሰዓቱን ካርዱ ላይ ያለው ጥላ ይነግራል።

ፎቶው 10 በ15 ሆኖ ሲታተም ጀርባው በፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ እርሳስ አይዝም፣ እስክሪብቶ ደግሞ ተጭኖ ወደ ፊት ይወጣል። የማይለቅ ቀለም ያለው ቀጭን ማርከር ይዤ የቦታውን ስም፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ፊቴን ወደ የት አዙሬ እንዳነሣሁ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ሳልደራርብ አሥር ደቂቃ አደርቀዋለሁ።