ያለ ክር የሚጋጠም የውስጥ ሱሪ፦ የሙጫ ስፌትን በቲሸርት ማተሚያ እንዴት እንደምሠራ

ከስስ ቀሚስ ወይም ከጠባብ ሱሪ ሥር ጎልቶ የሚታየው መስመር የሚመጣው ከውስጥ ሱሪው ጨርቅ ሳይሆን ከስፌቱ ነው። በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚጠመጥም የስፌት ማሽን) የተሠራ የጎን ስፌት ሦስት ወይም አራት ክር ተጠምጥሞበት ወደ አንድ ጎን ሲተኛ ሦስት ድርብ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ቆዳ ላይ ምልክቱን ይተዋል። በሙጫ ስፌት ግን አንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ 8 ሚሊሜትር ያህል ይደረብና መካከላቸው ስስ የሙጫ ፊልም ገብቶ በሙቀትና በግፊት ይጣበቃል። ፋብሪካዎች ለዚህ የተለየ ማሽን አላቸው። እኔ የምሠራው ቲሸርት ላይ ሥዕል በሚታተምበት ሂት ፕሬስ ነው፤ ከተጠነቀቁበት በልስላሴ አያንስም።

ሙጫው ብርቱ የሚሆነው የተደረቡት ጨርቆች ወደ ጎንና ጎን ሲጎተቱ ነው። ጠርዙ እንደ ቁስል ፕላስተር ከጫፉ ጀምሮ ሲላጥ ደካማ ነው። ቅርጽ ስቆርጥም ሆነ ፊልም ስመርጥ የምነሣው ከዚህ ነው። ለክር እንደለመድነው ሁለቱን ጨርቅ ፊት ለፊት ገጥሞ ጠርዙን ብቻ ማያያዝ ለሙጫ አይሆንም፤ ሰውነት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይላጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ይደረባል።

ጨርቁ ከ75 እስከ 80 በመቶ ናይለን፣ የቀረው ላይክራ (የሚለጠጥ ክር) ቢሆን ደስ ይለኛል። ከመግዛቴ በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ በርዝመቱም በወርዱም እስበዋለሁ፤ ክሩ ከተተረተረ ወይም ጠርዙ እንደ ሲጋራ ከተጠቀለለ አልወስደውም። ጥቁርና ቀይ ፖሊስተር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሙቀት ሲነካው ቀለሙ ወደ ፊልሙ ይገባና ነጩን ጨርቅ ያቆሽሸዋል። የተገዛው ጨርቅ ያለ ማለስለሻ በ40 ዲግሪ ይታጠባል። ፋብሪካ የሚቀባው ሲሊኮን ካልለቀቀ ሙጫው አይይዝም፤ ማለስለሻም ያንኑ የመሰለ ሽፋን መልሶ ያመጣል። ከደረቀ በኋላ ከጥቅሉ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይደር። ተወጥሮ የተጠቀለለ ላይክራ ሳያርፍ ከተቆረጠ ከተጣበቀ በኋላ ያጥራል፣ ስፌቱም ይጨማደዳል።

ፊልሙ የሚለጠጥ ፖሊዩሬቴን መሆን አለበት፤ አንዱ ፊቱ ላይ ወረቀት አለው። ለዚህ ዓይነት ጨርቅ ከ75 እስከ 100 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺሕኛ) ውፍረት ይበቃል። ወፍራም ፊልም ይበልጥ ይይዛል ብሎ 150 ማይክሮን የሚያስገባ ሰው ጥንካሬ ሳይሆን ገመድ ነው የሚያገኘው። የሱሪ ጫፍ ለማጠፍ የሚሸጠው እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ሙጫም ስለማይለጠጥ ሲሳብ ይበጣጠሳል።

አሁን ምቾቱን የሚወስነው ሥራ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የማጠፋበትም እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ከቀረ ያልተጣበቀው ጠርዝ ይነሣል። ወደ ውጭ ካለፈ ደግሞ ቆዳ ይፈገፍጋል። በዓይን ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ ጨርቁን ከልኩ 5 ሚሊሜትር አስተርፌ እቆርጣለሁ፤ ፊልሙንም ከሚፈለገው ወርድ ሰፋ አድርጌ፣ ወረቀቱን ወደ ላይ አዙሬ አስቀምጣለሁ። በ120 ዲግሪ በቀላል ግፊት ለ5 ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል። ወረቀቱ ሳይነሣ፣ በትክክለኛው ልክ ላይ ጨርቁንም ፊልሙንም በአንድ ጊዜ በሚሽከረከር ክብ ምላጭ እቆርጣለሁ። ወረቀቱ ጨርቁን አጥብቆ ስለሚይዘው ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ፊልሙም እስከ ጫፉ ይደርሳል። መቀስ ግን ጨርቁን እያነሣ ስለሚቆርጥ ጠርዙን ያንቀጠቅጠዋል። ወረቀቱ የሚላጠው ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በሙቁ ከተላጠ ፊልሙን ይዞ ይነሣል።

ፊልሙ ሲቀመጥ መሳብ የለበትም። ተስቦ የተቀመጠ ፊልም ሲቀዘቅዝ ወደ ልኩ ይመለስና ጨርቁን ይሰበስበዋል። የተሳበው ጨርቁ ከሆነ ደግሞ ስፌቱ ይሞገዳል። ጠርዙን አይቶ የትኛው እንደተሳበ ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ጨርቅ ከፊልሙ ላይ ከተደረበ በኋላ ለዋናው መጣበቅ ማሽኑን 145 ዲግሪ ላይ አደርጋለሁ፣ ጊዜው 20 ሰከንድ ነው። የማሽኑ ቁጥር የብረቱን ሙቀት እንጂ የሙጫውን አይነግርም። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) የሙቀት ሽቦ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ሲለካ ከ120 እስከ 130 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ፊልሙ የተለየ ሙቀት የሚጠይቅ ከሆነ የአምራቹን ቁጥር እይዛለሁ። መብራት ሲቀንስ ብረቱ ቶሎ አይመለስም፤ ቁጥሩ ተመልሶ እስኪቆም ሳልጠብቅ አልጫንም። የግፊት መለኪያ የሌለው ማሽን በወረቀት ይፈተሻል፦ ቁራጭ ወረቀት በአራቱም ማዕዘን አስገብቶ ሲሳብ መውጣት የለበትም።

ብረቱ ሰፊ ስለሆነ ሙሉ ጨርቁን ከተጫነ የሚያብለጨልጭ ምልክት ይተዋል። እኔ ከሥር 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ጥጥ ጨርቅ የለበሰ ጣውላ አስቀምጣለሁ፤ ስፌቱ ብቻ ጣውላው ላይ ይተኛል፣ ከላይ የቴፍሎን ሉህ ይሸፈናል። ከማሽኑ ሲወጣ እንዳለ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጌ በቀዝቃዛ ብረት እጫነዋለሁ። ሙጫው የሚጨብጠው ሲቀዘቅዝ ነው፤ በትኩሱ የተነሣ ስፌት ይንሸራተታል።

ቅደም ተከተሉ ከብሽሽት ይጀምራል፤ ሁሉም ገና ጠፍጣፋ ሳለ። የብሽሽቱ ውስጠኛ ጨርቅ ጥጥ ስለሆነ ርጥበት ይይዛል። አስቀድሜ ለ5 ሰከንድ ካልተኮስኩት እንፋሎቱ ከሙጫው ሥር አረፋ ይሠራል። የሚጣበቀው ጠርዙ ብቻ ነው፤ ፊልም አየር ስለማያሳልፍ መሀሉ ላይ አይገባም። ቀጥሎ የእግሩ ጠርዝ ይታጠፋል። እግሩ ጠማማ፣ ፊልሙ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጥቅል ሪባን አልጠቀምም፤ ሰፊ ፊልም ላይ የቅርጹን ጠርዝ ስዬ በ6 ሚሊሜትር ወርድ እቆርጣለሁ። ከዚያ አንዱ ጎን፣ ከዚያ ወገቡ፣ መጨረሻ ሌላው ጎን። የመጨረሻው ጎን ሲጫን ሱሪው ቱቦ ስለሚሆን ቀጭኑ ጣውላ ከነቴፍሎኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አለዚያ ፊትና ኋላው ተጣብቆ ይቀራል።

እጥፋት ከጎን ስፌት ጋር የሚገናኝበት ቦታ አራት ድርብ ይሆናል፤ እብጠቱ እዚያ ነው። ከሥር የሚውለውን እጥፋት በመጋጠሚያው ልክ 8 ሚሊሜትር ቆርጬ ስለማወጣ ሦስት ድርብ ብቻ ይቀራል። የጎን ስፌቱና የብሽሽቱ ጫፎች የሚላጡት ቀድመው ስለሆነ፣ በ75 ቁጥር የላይክራ መርፌ 5 ሚሊሜትር ዚግዛግ አስርበታለሁ። ይቺን ክር ቆዳ አያውቃትም፤ ስፌቱን ግን ታቆየዋለች።

ፍተሻው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያው ጨርቅ አብሮ የተጣበቀ 10 ሴንቲሜትር ናሙና እስከ 15 ሴንቲሜትር ደጋግሜ እስበዋለሁ፤ ሲለቀቅ ወደ 10 መመለስ አለበት። ከዚያ ከጫፉ ልልጠው እሞክራለሁ። ሙጫው በሙሉ አንድ ጨርቅ ላይ ቀርቶ ሌላው ንጹሕ ከሆነ፣ ወይ ዋናው ተኩስ ሙቀት አንሶታል ወይ ሲሊኮኑ አልለቀቀም። ሙጫው መሀል ላይ ተከፍሎ በሁለቱም ላይ ከታየ መያዙን ይዟል፣ ፊልሙ ግን ሳስቷል፤ ሙቀቱ ወይም ግፊቱ በዝቷል። ሙጫው በጨርቁ ፊት ላይ ካብለጨለጨም እንደዚሁ።

የመጀመሪያው እጥበትም ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃ ይሁን። በረኪና ላይክራውን ይበላዋል። ስፌቱ ላይ ካውያ አይደረግም፤ ማስጫውም ጥላ ነው፣ አንዳንዱ ፖሊዩሬቴን ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናልና። ጫፉ ቢነሣ ሱሪው አይጣልም። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የሰውነት ቅባቱ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ በዚያው 145 ዲግሪ ለ20 ሰከንድ ቢተኮስ ፊልሙ እንደገና ቀልጦ ይይዛል። ሙጫው ብናኝ ከጠጣ ግን 5 ሚሊሜትር አዲስ ፊልም ከላዩ ይግባበት።