መጥፎ ዜና ቶሎ የሚደርሰው አለቃ፦ ከኮምቦልቻ የስፌት መስመር

ባለፈው ያካፈልኳችሁ ስለ ዕለታዊ ዕቅድ አያያዝ ነበር። ዛሬ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጥሩ አለቃ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው? በኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ከሆንኩ ጀምሮ ይህን ጥያቄ እየተከታተልኩ ነው። አሁን የደረስኩበት መልስ አጭር ነው። ጥሩ አለቃ መጥፎ ዜና ሳይዘገይ የሚደርሰው ሰው ነው። ማሽን ሲያስቸግር፣ ስፌት ሲበላሽ፣ ሠራተኛ ሥራ ለመልቀቅ ሲያስብ ቀድሞ ይሰማል። ትዕግሥት፣ ፍትሐዊነት፣ የሙያ ዕውቀት የምንላቸው ሁሉ የሚመዘኑት ይህን ዜና በማቅረባቸው ወይም በማራቃቸው ይመስለኛል።

እኛ አካባቢ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። መስመሬ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ከቃሉ፣ ከወረባቦና ከተሁለደሬ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ታላቅን ማስከፋት ነውር እንደሆነ እየተነገራቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። «ሥራ እንዴት ነው?» ስትላቸው «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉሃል። ማሽኑ ክር እየበጠሰ ቢሆንም መልሱ ያው ነው። ይህን ጨዋነት ከልቤ እወደዋለሁ፤ እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ደፋር ሁኑ እያልኩ ከመምከር ይልቅ የራሴን አጠያየቅና አቀባበል መቀየር ያዋጣል አልኩ። «እንዴት ነው?» ማለቱን ለሰላምታ ብቻ ተውኩት። ለሥራ የምጠይቀው «ዛሬ ከሁሉ ያስቸገረሽ የትኛው ስፌት ነው?» ብዬ ነው። ይህ ጥያቄ ሲመጣ መናገር ክብር መንሳት አይሆንም። የተጠየቀችውን መመለሷ ነው።

ብዙ የተማርኩት ከመርፌ ነው።

ልብስ ስፌት ላይ ያልሠራችሁ እንዲገባችሁ ላስረዳ። መርፌ ሲሰበር ማሽኑ ይቆማል። ስባሪው በሙሉ ይለቀማል፤ ተገጣጥሞ ሙሉ መሆኑ ይታያል፤ ከዚያ መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። አዲስ መርፌ የሚሰጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አንዲት ስባሪ ከጠፋች በዚያ ማሽን ዙሪያ ያለ ልብስ በሙሉ ይፈተሻል። ያቺ ስባሪ የሕፃን ልብስ ውስጥ ከገባች ጉዳቱ ቀላል አይደለምና። አሁን አስቡት። አንዲት ልጅ መርፌ ሰበረች። ጎረቤቷ «ከደሞዝሽ ይቆረጣል» ትላታለች። አለቃዋ ደግሞ በሩቅ የሚጮህ ሰው ነው። ታዲያ ይህቺ ልጅ ትናገራለች? ከጓደኛዋ መርፌ ለምና ሥራዋን ትቀጥላለች እንጂ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛው ሕጉን ማስረዳት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንደፈለገ ደመወዝ መቁረጥ አይችልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተደገፈ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሠራተኛው በጽሑፍ መስማማት አለበት። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህን በጠዋት ስብሰባ ላይ በቀላል ቋንቋ ተናገርኩ፤ በማስታወቂያ ሰሌዳም ለጠፍኩት። ሁለተኛው ከአፌ የሚወጣውን የመጀመሪያ ቃል መለማመድ ነው። መርፌ ተሰበረ ስባል መጀመሪያ «ጎሽ፣ ነገርሽኝ» እላለሁ። ከዚያ «ስባሪው የት አለ? አብረን እንፈልግ» እላለሁ። ለምን ተሰበረ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሥራው ከተረጋጋ በኋላ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ታርጌት (በቀን እንዲወጣ የሚጠበቀው የልብስ ብዛት) እያሳደደህ፣ የመላኪያ ቀን ደርሶ፣ ያንን የመጀመሪያ ቃል በልበ ሙሉነት ማለት ልምምድ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ላይ መዝገቡ ላይ የሚለጠፈው የመርፌ ስባሪ በዛ። የማያውቅ ሰው ቢያየው መስመሩ ተበላሸ ይላል። እዚህ ላይ የሃርቫርድ ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያገኘችው ነገር ረዳኝ። በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና፣ ጥሩ ቡድን ያላቸው ክፍሎች ትንሽ ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው። የተሻሉት ቡድኖች የተመዘገበ ስሕተት በዝቶባቸው ነበር። ምክንያቱ ብዙ መሳሳታቸው ሳይሆን ሳይፈሩ መናገራቸው ሆኖ ታያት። የኔም መዝገብ የሚነግረኝ ይህንኑ ይመስለኛል። መርፌው ድሮም ይሰበር ነበር፤ አሁን ግን እየሰማሁት ነው።

ጠብን በተመለከተ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አላስፈለገኝም። የወሎ አበጋሮች፣ ማለትም ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም እንኳ ሲያስታርቁ የሁለቱንም ወገን ቃል አስጨርሰው ይሰማሉ። ሁለት ኦፕሬተሮች (ማሽን ላይ የሚሰፉ ሠራተኞች) ለመስፋት በተሰጠ የልብስ ጥቅል ሲጣሉ፣ አንዷ «የኔን ወሰደችብኝ» ስትል፣ እኔም እንደነሱ ለየብቻ እሰማለሁ፤ ፍርድ የምሰጠው በመጨረሻ ነው። ተግሣጽ ካስፈለገም ማሽኖቹ መካከል አይሆንም። ሰው ፊት የተዋረደች ልጅ በሚቀጥለው ቀን ምንም አትነግርህም፤ ያዩ ጓደኞቿም እንደዚያው።

ቀብርና ለቅሶ ላይ ግን ብዙ ማሰብ አስፈልጎኛል። እዚህ የቅሬ፣ ማለትም እንደ እድር ያለው የቀብር ማኅበር፣ ነገር ቀልድ አይደለም። ጎረቤት ሲሞት፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሰው ይወጣል። አዋጁ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። የጎረቤት ቀብር እዚያ ውስጥ የለም። ታዲያ አለቃው «ሕጉ አይፈቅድም» ብሎ ከዘጋው ምን ይከተላል? ልጅቷ ሳትናገር ትቀራለች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባዶ ወንበር ታያለህ፤ መስመሩ ይቆማል። ቀድማ ብትነግርህ ግን ሰው ታዘጋጃለህ።

ችግሩ በመፍቀድ ብቻ አይፈታም። ኮሌታ የምትሰፋው አንዲት ልጅ ብቻ ከሆነች በደግነት ብትፈቅድላትም ሥራው ይቆማል፤ ጓደኞቿም ይቀየሟታል። ስለዚህ ማን ምን መስፋት እንደሚችል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ስፌት ቢያንስ ሁለት የምትችል ሰው እንድትኖር ማሠልጠን ጀመርን። ሥራ ሲቀዘቅዝ ቦታ እንቀያየራለን። ኮሌታው፣ ኪሱና የእጅጌው ጫፍ ተሸፍነዋል። የልብስ ቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ የሚሠራው ማሽን ግን አሁንም አንዲት ልጅ ላይ ተንጠልጥሏል። በሚቀጥለው የማተኩረው እሱ ላይ ነው።

ትርፍ ሰዓትም ያው ነው። ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ አንፃር የሚከፈለው ምጣኔ በአዋጁ ተቀምጧል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ሒሳቡ ወር ሳይሞላ ለሠራተኛው መታየት አለበት ባይ ነኝ። ደመወዙ ላይ እምነት ያጣ ሰው ሌላም ነገር አይነግርህም።

ስለ ሙያ ዕውቀት አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ጎግል ፕሮጀክት ኦክስጅን ብሎ በሰየመው ጥናት ቀድሞ ባወጣው ዝርዝር የጥሩ አለቃ 8 ባሕርያት ለይቶ ነበር። አንደኛው ጥሩ አሠልጣኝ መሆን ነው። የቴክኒክ ዕውቀት የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ አንድን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ከማሳየት የሚበልጥ የአለቃ ሥራ አላየሁም። የመጨረሻውን ግን ለፋብሪካ ወለል ዝቅ አድርጌ አላየውም። ኦቨርሎክ ማሽን (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው) ላይ ተቀምጠህ የማታውቅ ከሆነ፣ ልጅቷ «ክሩ ይበጠሳል» ስትልህ የክሩ ውጥረት ነው፣ መርፌው ነው ወይስ ጨርቁ? አታውቅም። ለማያውቅ ሰው ደግሞ ዝርዝር መንገር ያደክማል። ስለዚህ ማሽን መልመዴን አላቆምኩም። አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉን፤ ከፈረቃ በኋላ አንቱ እያልኩ ከሥራቸው እማራለሁ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ አነጋገራቸው ተለወጠ። «ጋሼ፣ ማሽኑ አመመው» ይሉ የነበሩት አሁን «ጋሼ፣ የታችኛው ክር ላላ» ይላሉ።

የቀረኝ ከባዱ ነገር መጥፎ ዜናን ወደ ላይ ማድረስ ነው። ከታች እየሰማሁ ለበላዮቼ «ደህና ነው» የምል ከሆነ ዜናው እኔ ጋ ይሞታል። አሁን የምለማመደው በስሜት ሳይሆን በሒሳብ መናገርን ነው። ለምሳሌ 30 ኦፕሬተር በ8 ሰዓት 14,400 ደቂቃ ይሠራሉ። አንዱ ሸሚዝ 20 ደቂቃ ከፈጀ፣ መቶ በመቶ ብቃት ያለው መስመር 720 ሸሚዝ ያወጣል። ገና በመማር ላይ ያለ፣ ግማሽ ብቃት ያለው መስመር የሚያወጣው 360 ነው። ከዚህ መስመር 600 መጠየቅ ልጆቹን ያስጨንቃል፤ የተበላሸ ስፌትም እንዲደበቅ ያደርጋል። ይህንኑ በወረቀት አዘጋጅቼ፣ ታርጌቱ በየሳምንቱ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ለኃላፊዬ አቅርቤያለሁ። ውሳኔው እንደመጣ እጽፍላችኋለሁ። በፈትልና በሽመና ክፍል የምትሠሩ፣ እናንተ ጋ ያለው ሒሳብ በደቂቃ ሳይሆን በማሽን ፍጥነት ስለሚሠራ፣ ለበላዮቻችሁ እንዴት እንደምታቀርቡት ብታካፍሉኝ በጣም ይጠቅመኛል።