ስባሪዎቹን ከመበተኔ በፊት ዕንቁውን አልሣልኩትም ነበር

«ንጋት» የተባለች ልዕለ ጀግና ፈጥሬ፣ ሰማይ ላይ ተሰብሮ በስድስት ቦታ የወደቀ ተአምረኛ ዕንቁ እየፈለገች የምትሰበስብበትን ባለ አራት ክፍል ኮሚክ ሣልኩ። ሥራው ሦስት ዓመት ፈጅቷል። ከዚህ ውስጥ ሰባቱ ወራት አንድ ሰው ቀድሞ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ በከንቱ የማይባክኑ ነበሩ፤ ይህን የምጽፈውም ተመሳሳይ ታሪክ ለመሣል የተነሣ ሰው ያንኑ ዋጋ እንዳይከፍል ነው።

ያለ ችግር ያለፉትን ደረጃዎች በአጭሩ ልጨርሳቸው። ታሪኩን በአንድ ወር ጻፍኩ። መሐሉ ላይ በሽቦ የሚያያዝ መጽሔት የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል ስላለበት እያንዳንዱን ክፍል 24 ገጽ አደረግኩት። ሥዕሉን ከሚታተምበት መጠን አንድ ጊዜ ተኩል አስፍቼ በእርሳስ ነድፌ በቀለም አጸናሁት፤ በገጹ ዳር ለመቁረጫ የሚሆን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተውኩ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ጩኸትን በፊደሉ ውፍረትና በንግግር አረፋው ቅርጽ ለየሁ። ስባሪ የሚገኝበትን ሥዕል ደግሞ ሁልጊዜ በግራ ገጽ፣ አንባቢው ቅጠሉን ሲገልጥ ድንገት በሚያየው ቦታ አኖርኩት። በእነዚህ በአንዳቸውም አልቆጭም።

ጥፋቱ የተጀመረው ገና ከመነሻው ነው። ሥራዬን ላቀርብበት ያሰብኩት ውድድር ያወጣው መመሪያ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ገጾች ተጠናቅቀው እንዲላኩ ይጠይቅ ነበር፤ ስለ መጨረሻው የሚፈልገው ግን ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ብቻ ነው። እኔም ታዝዤ ከፊት ወደ ኋላ መሣል ጀመርኩ። እንዲህ ያለ መመሪያ ለሌላ ዓይነት ታሪክ ይበጅ ይሆናል፤ የተሰበረ ነገር ተፈልጎ ለሚገጣጠምበት ታሪክ ግን ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ስባሪ መልክ የሚወሰነው በመጨረሻው ሥዕል ነው። ያም ሆኖ መመሪያውን ያወጡት ሰዎች ዕንቁውን ሙሉ አድርገህ እንዳትሥል ብለው አልከለከሉኝም። ያልሣልኩት እኔ ነኝ።

ከባሕሩ ወለል የወጣውን የመጀመሪያውን ስባሪ በንጋት እጅ ላይ ጦር መስሎ እንዲታይ ስለፈለግኩ ረጅምና ሹል አደረግኩት። ከበረዶው ተራራ የተገኘው ሁለተኛው ሦስት ማዕዘን ሆነ። ሦስተኛው አሸዋ ውስጥ ሲያንጸባርቅ እንዲያምር ጠፍጣፋ ሆነ፤ አራተኛውና አምስተኛውም እንደዚሁ ለየገጻቸው ውበት ተብለው ተሣሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ዛሬም አልክደውም። አንደኛው ክፍል ታትሞ ወጣ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተሥለው አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው የአራተኛው ክፍል ገጽ 20 እና 21 ላይ የደረስኩት። ሁለቱ ገጾች አንድ ትልቅ ሥዕል ናቸው፤ ስድስቱ ስባሪዎች በንጋት መዳፍ ላይ ተገናኝተው ዕንቁው ሙሉ የሚሆንበት፣ ታሪኩ በሙሉ የተጻፈለት ቅጽበት ነው።

አልገጠሙም። አንድ ሳምንት ሙሉ እያዞርኩ፣ እየገለበጥኩ፣ እያሳነስኩ ሞከርኩ። ጦር የመሰለው ስባሪ በየትኛውም በኩል ቢዞር ከሦስት ማዕዘኑ ጋር የሚጋራው አንድም ጠርዝ አልነበረውም። በመጨረሻም እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝን ነገር አደረግኩ፤ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በነጭ የብርሃን ፍንዳታ ሸፍኜ፣ ብርሃኑ ሲሰክን ከስባሪዎቹ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የሚያምር ዕንቁ ሣልኩ። አንባቢ አያስተውልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ረቂቁን መጀመሪያ ያነበበው የአሥር ዓመቱ የእህቴ ልጅ ነው። እኔ ሳላውቅ ከረቂቁ ገጾች ላይ ስድስቱን ስባሪዎች በመቀስ ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ሲያገጣጥም አመሸ። ከዚያም መጥቶ «ጋሼ፣ የጠፋ ስባሪ አለ እንዴ?» አለኝ። የሚመልስ ቃል አጣሁ። ልጁ ለሦስት ክፍሎች ያህል ከንጋት ጋር አብሮ ሲፈልግ፣ የእያንዳንዱን ስባሪ ቅርጽ በልቡ ሲይዝ ነበር የቆየው፤ እኔ ደግሞ ድካሙን ሁሉ በአንድ ነጭ ብልጭታ ሸፍኜበታለሁ። በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ አንባቢውም ፈላጊ መሆኑን የተረዳሁት ያን ምሽት ነው።

ጥገናው ከሥራው ይልቅ ከባድ ሆነብኝ። አንደኛው ክፍል በአንባቢዎች እጅ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስባሪዎች መለወጥ አልችልም ነበር። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ሥዕላቸው አድርጌ ከሸክላ ጭቃ ሠራኋቸው። እርስ በርስ ስለማይገጥሙ አንዱን በዕንቁው አናት፣ ሌላውን በግርጌው አስቀመጥኩና በመካከላቸው ያለውን ቦታ በአራት አዳዲስ ስባሪዎች ሞላሁት። ጭቃው ሲደርቅ እያንዳንዱን በተለያየ ማዕዘን ፎቶ አንሥቼ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ስባሪ የሚታይባቸውን 31 ገጾች እንደ ገና ሣልኩ። ሰባቱ ወራት ያለቁት እዚህ ላይ ነው።

በዚህ መካከል አስቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን ስለ ከበሩ ድንጋዮች አነበብኩ። አልማዝ በአራት አቅጣጫ ልሙጥ ገጽ እየሰጠ ይሰነጠቃል፤ ሩቢና ሰንፔር ግን እንዲህ ያለ የመሰንጠቂያ አቅጣጫ ስለሌላቸው ሲሰበሩ ገጻቸው እንደ ዛጎል ይጎብጣል። የእኔ ስባሪዎች ግማሾቹ ልሙጥ፣ ግማሾቹ ጎባጣ ስብራት ስለነበራቸው ከሁለት የተለያዩ ድንጋዮች የመጡ ይመስሉ ነበር። የአንባቢ ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም እንግድነቱን ይሰማዋል። በ1905 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘው 3,106 ካራት የሚመዝነው የኩሊናን አልማዝ አንድ ጎኑ ልሙጥ ስለነበር፣ የአንድ የበለጠ ትልቅ ድንጋይ ስባሪ ሳይሆን አይቀርም ብለው የገመቱ ነበሩ። አንድ ልሙጥ ጎን ብቻውን ያን ያህል ታሪክ የሚናገር ከሆነ፣ የስባሪን ጎን በዘፈቀደ መሣል ትልቅ ብክነት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዕንቁውን ከጭቃ ሙሉ አድርገህ ሥራ፣ አድርቀው፣ ከዚያ በመዶሻ ስበረው። ስንት ስባሪ እንደሚኖርህም ስብራቱ ይወስን። የስባሪውን ቁጥር እንደ ታሪኩ ርዝመት አስቀድመህ ወስን የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበለውም፤ እኔ ስድስት ያልኩት ስድስት ቦታዎችን መሣል ስላማረኝ ብቻ ነበር፤ አንደኛው ቦታ ለታሪኩ ምንም አልጨመረም። ለእያንዳንዱ ስባሪ አዲስ ኃይል ስጥ የሚለውንም አልስማማበትም። ንጋት በሦስተኛው ስባሪ ትበራለች፣ በግድግዳ ውስጥ ታያለች፣ ተራራ ትገፋለች፤ ከዚያ በኋላ ምን ያስፈራታል? በድጋሚው ሥራ ላይ እያንዳንዱ ስባሪ ኃይል ሲሰጣት አንድ ነገር እንዲወስድባት አደረግኩ፤ አምስተኛውን ስታነሣ የእናቷን ድምፅ ትረሳለች። ከሣልኳቸው ገጾች ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልናገር። የማተሚያ ቤቱ መመሪያ ፋይሉን ወደ ኅትመት ቀለም የምንለውጠው ሥራው ካለቀ በኋላ እንደሆነ ይገልጽ ነበር። እንደዚያ አታድርግ። ኮምፒዩተር ቀለምን የሚሠራው በብርሃን፣ ማተሚያ ደግሞ በአራት ቀለሞች በመሆኑ፣ ስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ ሐምራዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። የእኔ ሰማያዊና ሐምራዊ ስባሪዎች በአንደኛው ክፍል አንድ ዓይነት ሆነው ታተሙ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኅትመት ቀለም ሥራ፤ ስባሪ እንዲያበራ ከፈለግክም ዙሪያውን አጨልመው።

ከጭቃው ዕንቁ ጋር ያላለቀ አንድ ጉዳይ ነበረኝ። ሁለቱን የታተሙ ስባሪዎች ምንም ባደርግ፣ መሐል ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ክፍተት ቀረች። ሁለት ጊዜ በጭቃ ደፈንኳት፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ፈለፈልኳት። ጥንት ግብጻውያን ስለ አምላካቸው ስለ ኦሲሪስና ስለ ሚስቱ ስለ ኢሲስ ይተርኩት የነበረውን ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ሲጽፍ፣ ኢሲስ በ14 የተቆራረጠውን የባልዋን አካል ስትሰበስብ አንዱን ዓሣ ስለበላው አላገኘችውም፤ በምትኩ ሠርታ ተካችው። እኔ ግን አልተካሁም። በገጽ 20 እና 21 ላይ ስድስቱ ስባሪዎች ገጥመው፣ በመካከላቸው ያቺ ቀዳዳ እንደ ተከፈተች ትታያለች፤ ንጋትም በቀዳዳዋ አሻግራ ስትመለከት በሌላ በኩል ያለውን ታያለች። የብርሃን ፍንዳታ የለም።

የጭቃውን ዕንቁ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። በአንደኛው ክፍል ገጽ 19 ላይ ሁለተኛው ስባሪ ግራና ቀኙ ተገላብጦ መሣሉን ያገኘውም እሱ ነው፤ ያ ገጽ ታትሞ ስለወጣ ላርመው አልችልም።